ጀሪካኑን መቀየር ብቻ አይበቃም፦ ኦዞንን የማያሳሱ የፋብሪካ ማጽጃዎች

ከማሽን የሚወጣ ብረት ሁሉ ቅባት ይዞ ይወጣል። ብረት ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲሞረድ እንዳይግልና መቁረጫው ቶሎ እንዳይዶለዱም ዘይት ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ቀለም ይቀባም፣ ይበየድም፣ ከሌላ ክፍል ጋር ይገጠምም፣ መጀመሪያ ዘይቱ ከላዩ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ቀለሙ ይላጣል፣ ብየዳውም በደንብ አይይዝም። በአውሮፕላን የሃይድሮሊክ ቫልቭ ውስጥ የቀረች ትንሽ ቆሻሻ ቫልቩን ልታስር ትችላለች። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም ከዚህ አያመልጥም። ክፍሎቹ ከተበየዱ በኋላ የሚቀረው ፍለክስ የተባለ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ካልተጠረገ እርጥበት ይስባል፤ ውሎ አድሮም ቀጫጭኖቹን መስመሮች ይበላል።

የዓለም ኢንዱስትሪ ለዚህ ጽዳት ለበርካታ አሥርት ዓመታት አብዝቶ የተመካው በሁለት አሟሚ ፈሳሾች ላይ ነበር። አንዱ ሲኤፍሲ-113፣ ሌላው ሚታይል ክሎሮፎርም ይባላል። ሁለቱም የኦዞንን ንጣፍ ያሳሳሉ። ዛሬ ሁለቱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ከገበያ ወጥተዋል፤ ፋብሪካዎች ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ታዲያ በምን ተተኩ? ከምትኮቹስ የትኛው በእርግጥ የተሻለ ነው? የትኛውስ አንዱን ችግር በሌላ የለወጠ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ተወደዱ?

ሲኤፍሲ-113 ለፋብሪካ ሰው የተመረጠ ፈሳሽ ነበር። ቅባት ያሟሟል፤ እሳት አይዝም፤ ሠራተኛውን ቶሎ አይጎዳም፤ አብዛኛውን ፕላስቲክና ጎማ አያበላሽም። የሚፈላውም በ47.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ብዙ ማሞቂያ አይጠይቅም። ሚታይል ክሎሮፎርም ደግሞ ርካሽ ነበር፤ በ74 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባድ የማሽን ቅባትም በቀላሉ ያነሳል።

አሠራሩን በቅርበት ብናየው የተወደዱበት ምክንያት ይገባናል። ከላይ የተከፈተ ጥልቅ የብረት ገንዳ አለ። በገንዳው ወለል ላይ ፈሳሹ ይፈላል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ በገንዳው ውስጥ እንደ ደመና ይተኛል። በገንዳው አፍ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርባቸው ቱቦዎች ተጠምጥመዋል፤ ወደ አፉ የሚጠጋው እንፋሎት እነሱን ሲነካ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆንና ወደ ታች ይመለሳል። ሠራተኛው ቅባት ያለባቸውን ክፍሎች በሽቦ ቅርጫት አድርጎ ወደ ደመናው ያወርዳል። ብረቱ ቀዝቃዛ ነውና እንፋሎቱ ላዩ ላይ ይጤዛል፤ ጤዛው ቅባቱን እያጠበ ይንጠባጠባል። ብረቱ እንደ እንፋሎቱ ሲሞቅ ጤዛው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ጽዳቱ አልቋል ማለት ነው። ቅርጫቱ ሲወጣ ክፍሎቹ ንጹሕ፣ ደረቅና ለብ ያሉ ናቸው። ማለቅለቅ የለም፤ ማድረቅ የለም፤ ዝገት የለም። ሥራው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ችግሩ ያለው እዚያው ገንዳው አፍ ላይ ነው። ቅርጫቱ ሲገባና ሲወጣ እንፋሎቱ ያመልጣል። በክፍሎቹ ቀዳዳ ውስጥ የተቋጠረውም ከወጣ በኋላ ይተናል። አሮጌው ፈሳሽ ሲደፋ ደግሞ የቀረው ወደ አየር ይሄዳል። በ1990 አካባቢ ወደ አየር የሚለቀቀው ሚታይል ክሎሮፎርም ብቻውን በዓመት ከ600 ሺህ ቶን በላይ ነበር።

ወደ ላይ የወጣው ምን ሠራ?

የኦዞን ንጣፍ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፀሐይ የሚመጣውን አደገኛ አልትራቫዮሌት ጨረር ያጣራል። ንጣፉ ሲሳሳ የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ይበዛሉ፤ ሰብልም ይጎዳል።

እነዚህ ፈሳሾች ፋብሪካ ውስጥ የተወደዱበት ጠባይ፣ ማለትም በቀላሉ አለመፍረሳቸው፣ ከባቢ አየር ውስጥ ሲገቡ ጉዳት ሆነ። ከታች በቀላሉ ስለማይፈርሱ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ኃይለኛው ጨረር ሲሰብራቸው በውስጣቸው የነበረው ክሎሪን ይለቀቃል። አንድ የክሎሪን አቶም ከዑደቱ እስኪወጣ ድረስ እስከ 100 ሺህ የሚደርሱ የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያፈርስ ይችላል።

ይህን መጀመሪያ ያስጠነቀቁት በ1974 በካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት ኬሚስቶች ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ናቸው። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ከአንታርክቲካ በላይ ያለው ኦዞን በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ በልኬት አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሲኤፍሲ-113 ከመጀመሪያው በዝርዝሩ ገባ። ሚታይል ክሎሮፎርምና ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው የቀድሞ ማጽጃ በ1990 ለንደን ላይ ተጨመሩ። ያደጉት አገሮች ሦስቱንም እስከ 1995 መጨረሻ እንዲያቆሙ ተወሰነ። ለታዳጊ አገሮች ደግሞ ለሲኤፍሲና ለካርቦን ቴትራክሎራይድ እስከ 2010፣ ለሚታይል ክሎሮፎርም እስከ 2015 ጊዜ ተሰጠ። የሽግግሩን ወጪ የሚደግፍ ዓለም አቀፍ ፈንድም ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው በ1994 ነው።

ውጤቱ በአየር ልኬት ይታያል። ሚታይል ክሎሮፎርም አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ምርቱ ሲቆም በፍጥነት ጠፋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከፍተኛ መጠን ዛሬ ያለው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ሲኤፍሲ-113 ግን 90 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ በተመሳሳይ ጊዜ ቢታገድም ከከፍተኛው መጠኑ እስካሁን የቀነሰው አንድ አምስተኛ አካባቢ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ከማጠቢያ ገንዳ ያመለጠው የሲኤፍሲ-113 እንፋሎት አብዛኛው ዛሬም ከበላያችን አለ።

ምትክ ራሱ ችግር ሲሆን

የማጽጃ ፈሳሾች ታሪክ አንዱን ጥሎ ሌላውን የማንሳት ታሪክ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልብስም ብረትም በቤንዚን ይታጠብ ነበር፤ እሳቱ ብዙ ሰው ስለፈጀ የማይቀጣጠለው ካርቦን ቴትራክሎራይድ ተተካ። እሱ ደግሞ ጉበትና ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ ኋላም ኦዞንን ከሚያሳሱት ዋነኞቹ አንዱ መሆኑ ታወቀ። በእሱ ቦታ ትራይክሎሮኢትሊን መጣ። በ1966 ሎስ አንጀለስ የአየር ብክለትን ለመቀነስ ባወጣችው ደንብ አጠቃቀሙን ስትገድብ፣ ፋብሪካዎች ደንቡ ወዳልነካው ወደ ሚታይል ክሎሮፎርም ዞሩ። ያም በጊዜው “ደህናው” ምትክ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ፈሳሽ በአሮጌው ገንዳ ውስጥ ገልብጦ ያንኑ ሥራ መቀጠል ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን መልኩን ለውጦ ይመለሳል። የተሳካላቸው ፋብሪካዎች ጥያቄውን ለወጡ። “በምን እንጠበው?” ከማለታቸው በፊት “ለምን ቆሸሸ? መታጠቡስ ግድ ነው?” አሉ።

አለማጠብ የመጀመሪያው አማራጭ ነው

በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የሚታጠበው ቆሻሻ ፍለክሱ ነው። ፍለክስ ብየዳው እንዲይዝ የብረቱን ዝገት የሚያነሳ ነገር ሲሆን የተለመደው ከዛፍ ሙጫ ይሠራ ነበር፤ ስለሚበዛም ብዙ ዝቃጭ ይተዋል። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ፍለክሱን መቀነስ ነው። በውስጡ ያለው ጠጣር ነገር ከመቶ 2 እስከ 5 ብቻ የሆነ ፍለክስ ሠሩ። ብየዳውንም በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ በማድረግ ብረቱ ገና ከመነሻው እንዳይዝግ ከለከሉ። የሚቀረው ዝቃጭ ጥቂትና ጉዳት የሌለው ስለሆነ ሰሌዳው ሳይታጠብ ወደ ገበያ ይሄዳል።

የካናዳው የቴሌኮም ኩባንያ ኖርቴል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲኤፍሲ-113ን ከፋብሪካዎቹ ያስወጣው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ለመሣሪያ ለውጥ ያወጣው 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ፈሳሹን ከመግዛትና ዝቃጩን ከማስወገድ ያተረፈው ግን 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። የአሜሪካው ሂዩዝ ኤርክራፍት ደግሞ ከሎሚ ከሚገኝ ሲትሪክ አሲድ በውኃ የሚታጠብ ፍለክስ ሠራ። ለጦር መሣሪያ የሚሆን ሰሌዳ በሎሚ ይበየዳል ሲባል ብዙዎች አላመኑም ነበር፤ በፍተሻ ግን አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረ። የአሜሪካ መከላከያ የጥራት መመሪያ ሰሌዳዎች በሲኤፍሲ-113 እንዲታጠቡ ይጠይቅ ነበር፤ ሌሎች አገሮችና ኩባንያዎችም መመሪያውን ይከተሉት ነበር። ስለዚህ የተሻለ ዘዴ ያለው አምራች እንኳ መለወጥ አይችልም ነበር። መፍትሔው መመሪያውን ማሻሻል ሆነ። የመንግሥትና የኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ተቀምጠው አማራጮቹን በጋራ ፈተሹ፤ “በዚህ እጠብ” የሚለው ትእዛዝ “ይህን ያህል ንጹሕ ይሁን” በሚል መለኪያ ተተካ። ብዙ ጊዜ አካባቢን የሚጎዳውን አሠራር የሚያቆየው የቴክኖሎጂ እጥረት ሳይሆን እንዲህ ያለ ያረጀ መመሪያ ነው።

በብረታ ብረት ሥራም ጥያቄው ይሠራል። በሁለት የሥራ ደረጃዎች መካከል የሚታጠብ ክፍል ቀጣዩ ደረጃ እንደገና ዘይት የሚያፈስበት ከሆነ መሃሉ ላይ ማጠቡ ትርፉ ድካም ነው። ከባድ ዘይትን በቀላል ዘይት ወይም በውኃ በሚታጠብ ማቀዝቀዣ መተካትም የጽዳቱን ሥራ ያቀለዋል።

ውኃ፦ ርካሹና ጥንቃቄ የሚፈልገው

መታጠብ ግድ ሲሆን አብዛኛውን የሲኤፍሲና የሚታይል ክሎሮፎርም ሥራ የወረሰው ውኃ ነው። ብቻውን አይደለም፤ ቅባቱን የሚያላቅቅ አልካላይ ወይም ገለልተኛ ሳሙና ይጨመርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ይሞቃል፤ በግፊት ይረጫል ወይም በአልትራሳውንድ ይታገዛል። አልትራሳውንድ ለጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድ ነው። በውኃው ውስጥ እልፍ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ብረቱ ላይ ሲፈነዱ ብሩሽ በማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሳይቀር ያስለቅቃሉ።

ውኃ እሳት አይዝም፤ ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን የእንፋሎቱ ገንዳ በአንድ እርምጃ የሚሠራውን ውኃ በሦስት ይሠራዋል፦ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ማለቅለቂያው ጨው ካለበት ነጠብጣብ ይተዋል። ማድረቁ ከዘገየ ብረት ይዝጋል። ለብረት የሚሆነው ጠንካራ አልካላይ አልሙኒየምን ይበላል። ማሞቂያው ኃይል ይፈጃል። ከሁሉም በላይ ዘይትና ሳሙና የተቀላቀለበት ፍሳሽ ይቀራል። ዘይቱ ላይ ላዩን ተገፎ፣ ውኃው ተጣርቶ ተመልሶ ካልዋለ ብክለቱ ከሰማይ ወደ ወንዝ ወረደ እንጂ አልቀረም።

“በውኃ የታጠበ ብረት በእርግጥ ይጸዳል?” ለሚል ሰው ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ ማንም ሊሠራው የሚችል ፍተሻ አለ። ታጥቦ የተለቀለቀውን ብረት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማውጣትና ገጹን ዘንበል አድርጎ ማየት ነው። ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከቆየ ብረቱ ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ከሸሸና ወደ ጠብታ ከተሰባሰበ እዚያ ቦታ ቅባት ቀርቷል። ለዓይን የማይታይ ስስ የዘይት ሽፋን እንኳ በዚህ መንገድ ይጋለጣል።

ከብርቱካን ልጣጭ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ውኃ ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ሌሎች መንገዶች አሉ።

አንደኛው ግማሽ ውኃዊ የሚባለው ነው። በ1988 መጀመሪያ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ፔትሮፈርም የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ተርፒን ከሚባሉ፣ በብርቱካን ልጣጭ ውስጥም ከሚገኙ ዘይቶች የተሠራ ማጽጃ አስተዋወቁ። ሲኤፍሲ-113 ምትክ የለውም ይባል በነበረበት ሰዓት የመጣ ስለሆነ ክርክሩን ለወጠው። ክፍሉ መጀመሪያ በዘይቱ ይታጠባል፤ ከዚያ በውኃ ይለቀለቃል። ከዕፅዋት መገኘቱ ግን ያለ ጥንቃቄ ይያዝ ማለት አይደለም። በሞቃት ቦታ ሊቀጣጠል ይችላል፤ አየር ላይ የቆየውም የቆዳ አለርጂ ያስነሳል።

ሁለተኛው አልኮልና ሃይድሮካርቦን ነው። አይሶፕሮፒል አልኮል ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እጅግ ይስማማል፤ የተጣራ የነዳጅ ውጤት የሆነ ማጽጃም ቅባትን በደንብ ያነሳል። ሁለቱም ኦዞንን አያሳሱም። ሁለቱም ግን ይነዳሉ። በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራባቸው አየሩ ተመጥጦ በወጣበት፣ ዝግ በሆነና የእሳት ብልጭታ በማይገባበት ማሽን ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በደቃቅ የበረዶ ቅንጣት መልክ ሲረጭ ቆሻሻውን አቀዝቅዞና አላትሞ ያስለቅቃል፤ በረዶው ወዲያው ጋዝ ስለሚሆን የሚጠረግ ነገር አይቀርም። ከ31 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከ74 ባር በላይ ግፊት ሲሰጠው ደግሞ እንደ ጋዝ ሰርጎ የሚገባ፣ እንደ ፈሳሽ የሚያሟሟ ይሆናል። የሚውለው ጋዝ በአብዛኛው ከሌላ ፋብሪካ የተያዘ ስለሆነ አዲስ ብክለት አይጨምርም። ዋጋው ከፍ ስለሚል ግን የሚበጀው ለትክክለኛነት ሥራ ነው፤ ለሌንስ፣ ለሕክምና መሣሪያና ለጠፈር ዕቃ።

አራተኛው በተለይ ለጥገና ቤት የሚሆን ነው። ለብ ባለ ውኃና ቀላል ሳሙና ውስጥ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ማጠቢያ ገንዳ አለ። መካኒኩ ዕቃውን በብሩሽ ያጥባል፤ የወረደውን ቅባት ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል። ፈሳሹ በየጊዜው አይደፋም፤ የሚተካው የተነነው ውኃና ማጣሪያው ነው።

ፍሎሪን ያለባቸው አዲሶቹ ፈሳሾች

አንዳንድ ሥራ ውኃም አልኮልም አይሆንለትም። እዚህ የኬሚካል ኩባንያዎች አዳዲስ ፈሳሾች አቀረቡ። በመጀመሪያ የመጣው ኤችሲኤፍሲ-141ቢ የኦዞን ጉዳቱ ያነሰ እንጂ የጠፋ አልነበረም፤ የጉዳት መለኪያው ከሚታይል ክሎሮፎርም ጋር ተቀራራቢ ነው። እሱም በፕሮቶኮሉ ቀስ በቀስ እንዲቀር ተወስኗል፤ ታዳጊ አገሮች አብዛኛውን እስከ 2030 ያቆማሉ።

ቀጥሎ የመጡት ኤችኤፍሲዎች ክሎሪን የሌላቸው ስለሆኑ ኦዞንን አይነኩም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ኃይለኞች ናቸው። ለጽዳት የሚውለው ኤችኤፍሲ-43-10 ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር በመቶ ዓመት ስሌት ከ1,600 ጊዜ በላይ ያሞቃል። በ2016 የጸደቀው የፕሮቶኮሉ የኪጋሊ ማሻሻያ የሚቀንሰው እነዚህን ነው፤ ኢትዮጵያም በ2019 ተቀብላዋለች። ሃይድሮፍሎሮኢተር የሚባሉት ከዚያ ይሻላሉ፤ ሆኖም እነሱም በአካባቢ ውስጥ ቶሎ ከማይጠፉት የፒፋስ ኬሚካሎች ሰፊ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ዋናው አምራች 3ኤም በዲሴምበር 2022 እስከ 2025 መጨረሻ ከፒፋስ ምርት እንደሚወጣ አስታውቋል። ኤችሲኤፍኦ-1233ዜድዲ የሚባለው አዲሱ ፈሳሽ አየር ላይ የሚቆየው ለሳምንታት ብቻ ስለሆነ ኦዞንንም አየር ንብረትንም የሚጎዳው እጅግ በጥቂቱ ነው። ነገር ግን በ19 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞቃት አገር ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ገንዳ ውስጥ ማቆየት አይቻልም።

“ኦዞንን አይጎዳም” ማለት “ሰውን አይጎዳም” ማለት አይደለም

ሲኤፍሲ ሲታገድ አንዳንዱ ፋብሪካ ወደ ኋላ ተመልሶ ትራይክሎሮኢትሊን ገዛ። ይህ ፈሳሽ አየር ላይ ቶሎ ስለሚፈርስ ኦዞንን እምብዛም አይነካም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን በ2012 ሰውን ካንሰር ከሚያሲዙ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትም በዲሴምበር 2024 ለማገድ የሚያስችል ደንብ አውጥቷል። ላውንደሪ ቤቶች ለደረቅ እጥበት የሚጠቀሙበት ፐርክሎሮኢትሊን የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሌላው 1-ብሮሞፕሮፔን ነው። “ኦዞንን የማይነካ” ተብሎ በሰፊው ተሽጧል። በሥራ ቦታ የተነፈሱት ሰዎች እግራቸው እስኪደነዝዝና መራመድ እስኪያቅታቸው የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ኦዞንን በተመለከተም ጉዳቱ እንደሚለቀቅበት ቦታ ይለያያል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አየር ጋዞችን በፍጥነት ወደ ላይ ስለሚያነሳ፣ በሰሜን አገር ሲለቀቅ ብዙም የማይጎዳው ይህ ፈሳሽ በእኛ ዓይነቱ ምድር ሲለቀቅ የበለጠ ይጎዳል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ የተሰላ የደህንነት ቁጥር እንዳለ ለኢትዮጵያ አይሠራም።

ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች የአፈርና የውኃ ጠላትም ናቸው። ትራይክሎሮኢትሊን ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። መሬት ላይ ሲደፋ አይንሳፈፍም፤ እየሰመጠ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ ለማውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በ1981 ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ውስጥ ከአንድ የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ ታንክ የፈሰሰ ሚታይል ክሎሮፎርም የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ በክሎ ተገኝቷል።

ይህ እኛን የሚነካው የት ነው?

ኢትዮጵያ እነዚህን ፈሳሾች አታመርትም፤ የሚገቡት በጀሪካን፣ በበርሜልና በሚረጭ ቆርቆሮ ነው። የፍሪጅና የኤሲ ባለሙያ “አር-141ቢ” ብሎ ቱቦ የሚያጥብበት ፈሳሽ ከላይ ያየነው ኤችሲኤፍሲ-141ቢ ነው። በብዙ አጋጣሚ ቱቦውን በደረቅ ናይትሮጅን መንፋት ያንኑ ሥራ ይሠራል። “ብሬክ ክሊነር” እና “ኮንታክት ክሊነር” የሚባሉት ቆርቆሮዎች አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለባቸው፣ ሌሎቹ የሌለባቸው ናቸው። ክሎሪን ባለበት ያጠበ ሰው ብረቱን በደንብ ሳያናፍስ ከበየደው ሙቀቱና የብየዳው ጨረር ፈሳሹን ወደ ፎስጂን ሊለውጡት ይችላሉ፤ ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተገደለበት ጋዝ ነው።

ኩሽኔታና የሞተር ክፍል በቤንዚን ማጠብ በየጋራዡ የተለመደ ነው። ቤንዚን ኦዞንን አያሳሳም፤ ነገር ግን በአንድ ብልጭታ ይነዳል፤ በውስጡ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ሌላ ኬሚካልም የደም ካንሰር ያስከትላል። በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ የሚለቅ ቅባት ለዚያ ሁሉ አደጋ አይበቃም።

የቆርቆሮው ጽሑፍ በቻይንኛም ይሁን በቱርክኛ፣ ብዙ ጊዜ የኬሚካሉ መለያ የሆነው ሲኤኤስ የተባለው ቁጥር ይታተምበታል፤ በሻጩ የመረጃ ወረቀት ላይም ይገኛል። ቁጥሩ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ኦዞንን ከሚያሳሱት፦ 56-23-5 ካርቦን ቴትራክሎራይድ፣ 71-55-6 ሚታይል ክሎሮፎርም፣ 76-13-1 ሲኤፍሲ-113፣ 1717-00-6 ኤችሲኤፍሲ-141ቢ። በጤና ጠንቅነታቸው ከሚታወቁት፦ 79-01-6 ትራይክሎሮኢትሊን፣ 127-18-4 ፐርክሎሮኢትሊን፣ 106-94-5 1-ብሮሞፕሮፔን፣ 75-09-2 ዳይክሎሮሜቴን።

የተባበሩት መንግሥታት ሳይንቲስቶች በ2022 ባወጡት ግምገማ፣ አሁን ያለው ስምምነት ከተከበረ የኦዞን ንጣፍ በአብዛኛው ዓለም በ2040 አካባቢ፣ በአንታርክቲካ ደግሞ በ2066 ገደማ በ1980 ወደነበረበት ይመለሳል። በጽዳቱ በኩል ይህ የተቻለው አንድ ተአምረኛ ፈሳሽ ስለተገኘ አይደለም። ፋብሪካዎች በየሥራቸው አንዱን ማጠብ ትተው፣ ሌላውን በውኃ አጥበው፣ የቀረውን በዝግ ማሽን ስለያዙት ነው። ጋራዥ፣ ማተሚያ ቤት፣ ላውንደሪ ወይም ወርክሾፕ ያለው አንባቢ ከዚህ አንድ ነገር ይዞ ይሂድ፦ ቀጣዩን ጀሪካን ከመግዛትዎ በፊት በመጀመሪያ ዕቃው መታጠቡ ግድ መሆኑን፣ ቀጥሎ ውኃና ሳሙና ይበቃው እንደሆነ ይሞክሩ። ካልበቃው ብቻ ቁጥሩን አንብበው ይግዙ፤ ቁጥሩን ሊያሳይዎ ከማይፈልግ ሻጭ ግን አይግዙ።